የታኅሣሥ ነዳጅ

ሒሩት አሮጌ መኪናዋን ሸጣ በነዳጅም በባትሪም የምትሄድ ሀይብሪድ የገዛችው ሚያዝያ ላይ ነው። አሮጌዋ ስትነሳ ሰፈሩን ትቀሰቅስ፣ ስትጠፋም አንዘፍዝፋ ነበር የምታወርዳት። አዲሷ ግን ድምፅ የላትም። በባትሪ ስትሄድ የሚሰማው የጎማዋ ሹክሹክታ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ በተማሪ ጫጫታ ጆሮዋ ለሚደክም የአርባ ሦስት ዓመት የሒሳብ መምህርት፣ ከዚህ ዝምታ የሚበልጥ ነገር አልነበረም።

እስከ ጥቅምት ድረስ አንድ ጊዜ የሞላችው ነዳጅ ሁለት ሳምንት ያስኬዳት ነበር። ኅዳር ላይ የማታ ተማሪዎች ተጨመሩላት፤ ነዳጁም አሥር ቀን አልደርስ አለ። ታኅሣሥ ሲገባ በየሳምንቱ ማደያ ሰልፍ ላይ መቆም ሆነ ሥራዋ።

ብርዱ ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ቤቷ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው፤ በዚያ ወር ጠዋት ጠዋት የመኪናዋ መስታወት ላይ ውርጭ ይጋገራል። ማታ ስትመለስ እጇ መሪ መያዝ ስለሚያቅተው፣ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፍታ ነው የምትነዳው። ግቢ ገብታ ስታቆም ቁልፉን እዚያው ትታው ትወርዳለች። ግቢው ዘበኛ አለው።

ዘበኛው ጋሽ ወልደሰንበት ስድሳ አልፏቸዋል። በሩ አጠገብ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል የሥራ ቦታቸውም ቤታቸውም ናት፤ ከዚያች ሌላ መግቢያ የላቸውም። ሒሩት ይህን ታውቃለች። አንድ ማታ የግቢውን በር ከዘጉ በኋላ ተከትለዋት፣ ስለ መኪናዋ አንድ ነገር ሊነግሯት እንደሚፈልጉ ገለጹላት። የዚያን ቀን ስምንት ክፍለ ጊዜ ቆማ ነው ያስተማረችው። የማጠቢያ ሳሙና አልቆባቸው ይሆናል ብላ፣ ነገ እንነጋገራለን ብላቸው ገባች። በነጋታውም ነገ አለች።

ቅዳሜ መኪናዋን ላምበረት ወዳለ ጋራዥ ወሰደቻት። መካኒኩ ምንያህል ኮምፒውተሩን ሰክቶ ብዙ ከቆየ በኋላ አስረዳት። ሀይብሪድ በብርድ ጊዜ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፤ ካልሞቀም አያርፍም። ማሞቂያው ሙቀት የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። የቀዘቀዘ ባትሪ ደግሞ ቻርጅ እንደ ልቡ አይቀበልም።

"እና ብርዱ ነው በለኛ።"

"ብርድማ ይቀምሳል እንጂ እንዲህ አይግጥም፣ ቲቸር። ይቺ መኪና ቆማ ብዙ ሰዓት ትሠራለች። ባትሪዋም ደክሟል፤ በዚሁ ከቀጠለ ዓመት አይዘልቅም።" ከዚያ ፈገግ አለ። "ግቢሽ ውስጥ እንደ ምድጃ የሚሞቃት ሰው አለ እንዴ?"

ሒሩት አልሳቀችም።

ሰኞ ማታ ራት እየበላች የሞተር ድምፅ ሰማች። ተነስታ መጋረጃውን ገለጠች። ጋሽ ወልደሰንበት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በሹፌሩ በር በኩል እስከ ወገባቸው ገብተዋል። ወዲያው ድምፁ ጠፋ። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አይተዋል አለች በልቧ። ማክሰኞም እንደዚያው ሆነ።

ከጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየችው ናዝሬት ነገሩን ከሒሩት በፊት ታውቅ ኖሯል። ሽማግሌው ሰሞኑን በየማታው ከመኪናዋ ሲወጡ በመስኮቷ እንደምታይ ነገረቻት። "ይሙቁ እንጂ ምን ያድርጉ" አለች ልብሷን እያሰጣች። "አንቺ እንደሆን ብርድ ልብስ አልገዛሽላቸው።"

ነገሯ ሒሩትን ወጋት። ሆኖም የባትሪው ነገር ከዚያ ይልቅ አስጨነቃት። ሌላ የምትገዛበት አቅም የላትም፤ ያለ መኪና ደግሞ ከማታው ክፍል በዚያ ዳገት መመለስ አይታሰብም። ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌውን በሩ ላይ አስቆመቻቸው።

"ጋሽ ወልደሰንበት፣ ማታ ማታ መኪናዬ ውስጥ ምን ይሠራሉ?"

ሽማግሌው መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱና ናዝሬትን አዩ። ናዝሬት ከጓሮ ብቅ ብላ ጆሮዋን ጥላለች። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ለብቻዎ ብነግርዎ ይሻላል፣ እትዬ።"

"እዚሁ ይንገሩኝ።"

"ሰው ፊት አይሆንም። ደስ አይልም።"

"ለእኔ ነው ለእርስዎ ደስ የማይለው? ብርድ ልብስ ቢጠይቁኝ እኮ አልከለክልዎትም ነበር።"

"ብርድ ልብስ አለኝ" አሉ ጋሽ ወልደሰንበት፤ ሌላ አልጨመሩም።

ሒሩት ዝምታቸውን እንደ እምነት ቃል ቆጠረችው። የዚያኑ ቀን አሰናበተቻቸው። እስከ ገና ብቻ እንድታቆያቸው ጠየቋት፤ አልችልም አለቻቸው። ፍራሻቸውን ጠቅልለው፣ ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። የት እንደሚያድሩ ልትጠይቅ አሰበችና መልሱን ፈርታ ተወችው። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"መኪናዋን ግን ይጠንቀቋት፣ እትዬ።"

ናዝሬት ይህ ዛቻ ነው አለች። ሒሩትም ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል አልታያትም። ሽማግሌው ቁልቁለቱን ይዘው ሲወርዱ እስኪሰወሩ አየቻቸው። 

ያንኑ ዕለት ማታ ከክፍል እግሯን እየጎተተች ገባች። የግቢውን በር ራሷ ከፍታ መኪናዋን አስገባች፤ ወርዳም ራሷ ቆለፈችው። ራት አሙቃ ገና አንድ ጉርሻ ሳትጎርስ ያ የሞተር ድምፅ መጣ። አጥር ዘለው ተመልሰዋል ብላ፣ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ሮጣ ወጣች። የግቢው በር እንደተቆለፈ ነው። ሽማግሌውን በስማቸው ተጣራች።  የመኪናዋን በር ከፈተች።

ውስጡ ማንም አልነበረም፤ ሒሩት ቅድም ሳታጠፋት የወረደችው መኪና፣ ሞተሯን ራሷ አስነስታ፣ ባዶ ወንበሯን ታሞቅ ነበር።