ከሦስተኛ ፎቅ ሲታይ

ትልቁ የኢንቨስትመንት ባንክ ከተቀጠረች ገና ወሯ ነው። ዛሬም እንዳታረፍድ ስትሮጥ፣ አባቷን ቻው ሳትል፣ ምሳ ዕቃዋን ረስታ ወጣች።

ባንኩ ካሻሻጠው ፋብሪካ የተባረሩት ሠራተኞች የባንኩን በር በድንጋይ ሲወግሩ፣ ጥበቃዎቹ በቆመጥ ገቡባቸው። ዘናጮቹ ባንከሮች ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ተለጥፈው እንደ ኳስ ጨዋታ ይደግፋሉ። አለቃቸው ደግሞ ዝም ያለውን በዓይኑ ይለቅማል። እሷስ ምን ትሁን? እንጀራዋ ነው፤ ጮኸች።

«በለው! ያንን ጋቢ የተከናነበውን! አናቱን!»

ቆመጡ አናቱ ላይ አረፈ። ሰውዬው በደም ታጥቦ ተዘረረ፤ ከጋቢው ውስጥ ትናንት ራሷ በጫማ ክር የጠፈረችው ምሳ ዕቃ ተንከባለለ።

«ምነው ዝም አልሽ፣ የኔ እመቤት?» አላት አለቃዋ። «ጩሂ እንጂ!»