የወረደው ቀኝ

አሰልጣኙ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠም። በክለቡ ጠባብ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ የቅዳሜውን የሻምፒዮና ግጥሚያ ቪዲዮ ለአምስተኛ ጊዜ ወደ ኋላ መለሰው።

«እስከዚህ ዙር ድረስ አንተን የሚችል አልነበረም። ግራህ ድንጋይ፣ ቀኝህ ድንጋይ!» አለና ቴሌቪዥኑን በጣቱ ቆረቆረው። «እዚህ ጋ ግን እየው። ዳምጠው እግሩ ከድቶት አንተ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዓይኑ ፈዟል። ገፋ አድርገህ አንድ ቡጢ ብቻ! አንተ እቴ! እጅህን ታወርዳለህ፣ እሱ አገጭህ ላይ ያሳርፍብሃል፣ ቀበቶው ይሄዳል። ፈራህ? ደከመህ? ተናገር እንጂ!»

ቦክሰኛው ያበጠ አገጩን እያሻሸ አቀረቀረ።

«ጋሼ፣ እቅፍ አድርጎኝ በጆሮዬ ‹ስለ ማርያም› አለኝ። እንዴት ብዬ ልምታው?»

አሰልጣኙ ሊሳደብ አፉን ከፈተ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ዳምጠውን፣ አምና ወደ ሌላ ክለብ እስኪሄድ ድረስ፣ ያሰለጠነው እሱ ነበር። «የባሰብህ ቀን ተጋጣሚህን እቀፈውና ስሟን ጥራበት፤ እጁ ይወርዳል» ብሎ የመከረውም እሱ ራሱ ነው።