የአራስ ቢላዋ

አራስ ሆና ቀን ከሌት ስታለቅስ፣ አማቷ በጎረቤት ፊት «ልጅ መውደድ ያልፈጠረባት ጨካኝ!» ብለዋት ነበር። ቃሉን እንደ እሾህ ይዛው ኖረች። አሁን የአማቷ ልጅ ስንዱ ወልዳ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች አሏት። ድፎ ዳቦዋን ይዛ፣ ቃሉን ለባለቤቱ ልትመልስ ከተፍ አለች።

ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል።

«እማማ፣ ልጅዎ በማን ወጣች?» አለች ጮክ ብላ። አማቷ አንገታቸውን ደፉ። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ቀሪውን ልትጨምር ስትል ስንዱ እጇን ያዘቻት።

«እቴቴ» አለች በሹክሹክታ፣ «እማዬ ለክፉ መንፈስ ብላ ትራሴ ስር ያደረገችውን ቢላዋ ውሰጂልኝ። ልጄን ባቀፍኩ ቁጥር እሱ ነው የሚታየኝ። ፈራሁ።»

 እጇን ትራሱ ስር ሰድዳ ቢላዋውን መዘዘችው።

«ኧረ ብረቱን ከአራስ አታርቂ!» ጮኹ አማቷ።

«ዳቦ ልቆርስበት ነው፣ እማማ።»

ለጠያቂው ሁሉ ቆረሰች። ስትጨርስ ቢላዋውን በነጠላዋ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የተሰነጠቀ የቀንድ እጀታውን ታውቀዋለች። ያኔ እሷ ራሷ አራስ ሳለች፣ ከትራሷ ስር ባወጣችው ቁጥር አማቷ የሚመልሱባት ያው ቢላዋ ነበር።