አንቺ ነሽ?

ብሔራዊ ውትድርና ይመለስ ወይስ ይቅር ተብሎ የቀበሌው አዳራሽ ሰብስበውናል። መድረኩ ላይ፣ ከረባቱ ቦርጩ ላይ የተኛ አንድ ጎልማሳ የዛሬን ወጣት ይራገማል። «ፈሪ ትውልድ ነው» ይላል። «በእኛ ጊዜ አገር ስትጠራ ጓዳ የተደበቀ ወንድ አልነበረም።» አፉን በመሐረብ ይጠርግና ይቀጥላል። ሰዉ ያጨበጭብለታል።

አጠገቤ ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ድምፁን ሲሰሙ አንገታቸውን ቀና አድርገው ትንሽ አዳመጡና እጄን ይዘው ተነሡ።

«ዘርፌ፣ አንቺ ነሽ?» አሉ ፊታቸውን ወደ መድረኩ አዙረው።

ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው «እማማ፣ እሳቸው እኮ ወንድ ናቸው፤ አማካሪያችን ናቸው» አላቸው።

«ወንድ መሆኗንማ አውቃለሁ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ለውትድርና የሚያፍሱት የመጡ ዕለት አጥር ዘላ ቤቴ ገባች። ቀሚሴን አልብሼ፣ ሻሽ አስሬ፣ ልጄ ዘርፌ ናት ብዬ ዋሸሁላት። እነሱ ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይመለሱም፤ የእኔን ልጅ ደረሰን ይዘው ሄዱ። በዚያው ቀረ።»

ሰውየው መሐረቡን እንደጨበጠ ቆሟል።

«ተቀመጪ፣ አልቆጣሽም» አሉት። «ቀሚሱ ሳጥኔ ውስጥ አለ። ወንድ ልጅ ካለሽ፣ ሕጉ የወጣ ዕለት ላኪውና ይልበሰው።»