ቀጥ ብሎ የቆመው አሥር አለቃ

አሥር አለቃው ክራንቹን በር ላይ ለሚስቱ ለመብራት ሰጥቶ ወደ ምርመራ ክፍሉ ገባ። አከርካሪው ውስጥ የቀረውን ፍንጣሪ የሚያይ ስፔሻሊስት ቆቦ ድረስ ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። ወደ ግንባር ሲሄድ ማንም ወረቀት አልጠየቀውም፤ ለመታከም ግን ሪፈር ያስፈልገዋል፣ የሚጽፈውም ይኸው ሐኪም ብቻ ነው። ሐኪሙን እንደ አለቃ ቆጠረው፤ አለቃ ፊት ደግሞ ተደግፎ መቆም አያውቅምና ጥርሱን ነክሶ ቀጥ አለ።

«እንዴት ነዎት አባቴ?» አለው ሐኪሙ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ጌታዬ!»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየው። «ጎሽ! ከእኔ የበለጠ ቀጥ ብለው ይቆማሉ እኮ። ማስታገሻ ይውሰዱ፤ ሪፈሩን ለባሰባቸው እናቆየው።»

አሥር አለቃው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን አለቃ ከወሰነ በኋላ መከራከር አልለመደም። ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። ወዲያው የመብራት ትከሻ ላይ ተደገፈ።

«ሪፈሩስ?»

«ደህና ነኝ አልኩት።»

«ምነው አንተ ሰው! ሌሊቱን ሙሉ እኔ ጎን የምታቃስተውን፣ ምናለ እዚያ ብታቃስት!»

አሥር አለቃው ዞር ሲል ቀጣዩ ባለተራ፣ እንደ እሱ ጦር ሜዳ የተጎዳ ሰው፣ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ኮቱን እያስተካከለ ሲገባ አየ።

«ወንድሜ፣ ይዘኸው ግባ!» ብሎ ጮኸ።

በሩ ተዘግቶ ነበር። ከውስጥ፣ «ደህና ነኝ ጌታዬ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።