ፍሬን፦ ዜሮ

አሁንም ዜሮ። ፕሮግራሙን በሌላ አማራጭ እጠይቀዋለሁ፤ አሁንም ዜሮ።

"ደግሞ ሞክሪ እስቲ" ይላል ወንድሜ፣ ወንበሩን ወደኔ እየጎተተ። የሙከራው ክፍል መስኮት የለውም፤ በሩም ያለ ካርድ አይከፈትም። ባልደረቦቼ ለምሳ ወጥተዋል። እኔና እሱ፣ ማራገቢያውና ጥቁሩ ስክሪን ቀርተናል። አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው የእንግዳ ባጅ አሥሬ እየተገለበጠ ጀርባውን ያሳያል።

ሥራዬ ማፍረስ ነው። ድርጅታችን የመኪናን ጉዞ የሚመዘግብ መቅጃ ሳጥን ውስጥ ያለውን ፋይል የሚጠይቅ ፕሮግራም ይሠራል። ፋይሉን ሰው ቢከፍተው የዜሮና የአንድ መንጋ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ፍጥነቱ ስንት ነበር፣ ፍሬኑስ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን ከመንጋው መሀል ለቅሞ ያወጣል። ጥያቄው በአንድ መስመር ይጻፋል፤ ከትእዛዙ ቀጥሎ በሁለት ሰረዝ የሚጀምሩ አማራጮች ይሰለፋሉ። አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር አማራጮቹን መጀመሪያ ለየብቻ፣ ከዚያ እርስ በርስ እያጋባሁ እሞክራለሁ። አንዲት ሳልነካ አልተውም። ቢሮ ውስጥ ምስጥ ይሉኛል፤ እኔ ግን እንደ ሙገሳ ነው የምቆጥረው።

ዛሬ የማኝከው የወንድሜን ታክሲ ፋይል ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ብስክሌተኛ ተገጭቷል። ሰውየው ነፍሱ ተርፋለች፣ ዳሌው ግን ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል። የትራፊክ መርማሪው በዚሁ በእኛ ፕሮግራም ሳጥኑን ጠይቆ "ፍሬን ጭራሽ አልተነካም" ብሎታል። ይህ ከጸና ወንድሜ የሚያጣው መንጃ ፈቃዱን ብቻ አይደለም፤ ይታሰራል።

"እውነቱን ንገረኝ" እለዋለሁ። "ረግጠሃል?"

"አባዬ ይሙት እትዬ! እግሬ እስኪዝል ረግጫለሁ። ባቴን እስካሁን ያመኛል።"

አምነዋለሁ። ወንድሜ ይዋሻል፤ የት ደረስክ ሲሉት "መንገድ ላይ ነኝ" የሚለው ከአልጋው ሳይወርድ ነው። በአባዬ ስም ግን በሐሰት ምሎ አያውቅም። እንግዲያው የሚዋሸው ፕሮግራሙ ነው። እኔው ፈትኜ "አልፏል" ያልኩትን ፕሮግራም ዛሬ ውሸታም ሁንልኝ እያልኩ እለምነዋለሁ።

ፋይሉ የተሠራባቸውን ባይቶች ቅደም ተከተል እገለብጣለሁ። ፍጥነቱ ከአውሮፕላን ይበልጣል፣ ፍሬኑ ዜሮ። ዜሮን ቢገለብጡት ያው ዜሮ ነው። ንባቡን አንድ ባይት ዘልዬ አስጀምራለሁ፤ ቀኑ ራሱ ይዘባርቃል፣ ፍሬኑ ዜሮ። ከአደጋው በፊት የነበረውን ጉዞ እጠይቃለሁ። እዚያ ፍሬኑ በየመብራቱ በሥርዓቱ ሲረገጥና ሲለቀቅ ይታያል። መቅጃው ደህና ነው ማለት ነው።

"አባዬስ እንዴት ነው?" እላለሁ ሌላ አማራጭ እየጻፍኩ።

"እህል አልቀምስ ብሏል። ደንግጦ ነው" ይላል፣ ከስክሪኑ ዓይኑን ሳይነቅል።

ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ልጁን መንዳት ያስተማረው እሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አጭር ስለሆነ ወንበሩን ጥግ ድረስ ወደፊት ስቦ ነበር የሚነዳው፤ መሪውን ሊነክሰው ነው እንዴ እያልን እንስቅበት ነበር። ዓይኑ ደክሞ መንጃ ፈቃዱን ከተነጠቀ ወዲህ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሰፈሩን መኪና በድምፅ ይለያል። ወንድሜ ቁመቱን የወረሰው ከእናታችን ነው፤ ወንበሩን ወደኋላ ገፍቶ፣ ተንሰራፍቶ ነው የሚነዳው።

"በቃ ተይው" ይላል ድንገት። "ማሽን ይሳሳታል በይልኝ። ያንቺ ቃል ይበቃል።"

"አንዲት ቀርታለች።"

ይህችን ማንም አይጠይቃትም። "ሁሉንም" የምትል አማራጭ ናት። መርማሪዎች የሚፈልጉት ፍጥነትና ፍሬን ስለሆነ ሌላው ካልታዘዘ በቀር አይወጣም። ለፍሬኑ እንደማትፈይድ አውቃለሁ። ግን ምስጥ ነኝ። ጽፌ ኢንተርን እጫናለሁ።

መስመሮቹ ይወርዳሉ። በር፦ ዝግ። ፍሬን፦ ዜሮ። የሾፌር ወንበር፦ እስከ መጨረሻው ወደፊት። የጎን ወንበር፦ ሰው አለ፣ ቀበቶ ታስሯል።

ደግሜ አነበዋለሁ። ከዚያ የወንድሜን ረጃጅም እግሮች አያለሁ። እዚያ ወንበር ላይ አይገቡም።

"ለመነኝ" ይላል ቀስ ብሎ። "እስከ ማዞሪያው ብቻ ልንዳ አለኝ። እንባው መጣ፣ እትዬ። ብስክሌቱን እኔ አየሁት፤ እሱ አላየውም። ፖሊስ ሳይደርስ ቦታ ተቀያየርን።"

ረግጧል እንግዲህ፤ ከእግሩ ሥር ፔዳል አልነበረም እንጂ።

ፈራሁ። ይህን ባሳይ አባዬን በእጄ አሳልፌ እሰጣለሁ፤ ብደብቀው ወንድሜን። ጣቶቼ ፊደሎቹ ላይ እንዳሉ ይቀራሉ።

ኮሪደሩ ላይ ሳቅ ይሰማል። ባልደረቦቼ ናቸው። አንዷ፣ ካርዷን ረስታ መሆን አለበት፣ በሩን ታንኳኳለች።

"ምስጥ! ክፈቺልን እንጂ!"

ወንድሜ ወደ በሩ ይዞራል። ከጠረጴዛው ሥር ቀኝ እግሩ ተዘርግቶ፣ ወለሉን ባለ በሌለ ኃይሉ ረግጦ ይዟል።