ቀጥቃጩ ደሳለው እና የሚስቱ ሳቅ

«አስቀምጥ! መዶሻውን አስቀምጥ አልኩህ!»

ወጌሻው አባ ገብረማርያም ከበሩ ላይ ሆነው ጮኹ...

ደሳለው ግን አንዴ መትቶ ነበር። አንድ ምት ብቻ።

መዶሻው ከእጁ አመለጠ። እሱም የእጁን አንጓ ጨብጦ ተንበረከከ።

«ይኼ ሁለተኛህ ነው» አሉት እየዳሰሱት። «ሦስተኛ ከደገምከው እኔ ዘንድ እንዳትመጣ። እንኳን መዶሻ ጉርሻም አታነሳበት!»

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ። በፎገራ ሜዳ የሚያርስ ሁሉ ማረሻውን የሚያስቀጠቅጠው ወረታ፣ ደሳለው ዘንድ ነበር።

ከልጅነቱ ጀምሮ ብረት ሲመታ ኖሮ አንጓው አለቀ። ያብጣል፣ ይሻለዋል... ደግሞ ያብጣል።

«ጠዋት ጠዋት በለጋ ቅቤ ትታሻለህ» አሉት ወጌሻው። «ከዚያ ቁጭ ብለህ ጥጥ ትፈትላለህ።»

«ምን? እንዝርት? እኔ ሴት ነኝ?»

«አንጓ ሴት ወንድ አያውቅም። የሚፈታው በቀስታ ነው። ፍተል!»

ደሳለውም ያን የሚያህል ሰውዬ ከመቀጥቀጫ ቤቱ ማዶ፣ የመኖሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እንዝርት ማሾር ጀመረ...

ሥራው እንዳይቆም ከይፋግ ያየህ የሚባል ጎረምሳ ተቀጠረ። ጉልበታም ነው። ተጫዋች ነው። ክፋቱ ደግሞ መልከ መልካም ነው።

በቀጥቃጭ ቤት ደንብ አለ። ባል ይመታል፣ ሚስት እሳቱ እንዳይጠፋ ወናፍ ትነፋለች። ወናፍና መዶሻ ካልተግባቡ ብረት አይታዘዝም።

አሁን የሚመታው ያየህ ነው።

የምትነፋው ግን የደሳለው ሚስት፣ አገኘሁሽ ናት።

ይባስ ብሎ... በጣም ተግባብተዋል!

ያየህ አንድ ነገር ይላል፣ አገኘሁሽ ትስቃለች። ደሳለው ውጭ ሆኖ ክሩን ይበጥሳል።

ማረሻ ይዞ የመጣ ገበሬ ሁሉ ደግሞ ነገር አያልቅበትም።

«አያ ደሳለው፣ ፈትሉ በርከት ብሏል! ለያየህ ጋቢ ልታሠራለት ነው?»

ደሳለው ጥርሱን ነከሰ። ሌሊት ግን እንቅልፍ የለም።

አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ እጁን ለአገኘሁሽ ዘረጋላት። በቅቤ የምታሸው እሷ ነበረች።

«ዛሬ በግራ እጅህ ራስህ እሸው» አለችው።

በማግስቱም እንዲሁ። በሠልስቱም።

እጇን ሊይዛት ሲል ቶሎ ትሰበስባለች። መዳፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች...

«አስጠላኋት» አለ በልቡ። «ሽባ ባል ማን ይፈልጋል?»

ከዚያ ወጌሻው «ወንዛዬ ሂድና ፍል ውሃው ውስጥ እጅህን ንከር፤ እስኪላላ ድረስ ሰንብት» አሉት።

አገኘሁሽ ስንቁን ቋጥራ በር ድረስ ሸኘችው።

«ደህና እስኪሻልህ ቆይ እሺ? ቶሎ አትምጣ።»

*ቶሎ አትምጣ!*

ፍል ውሃው አንጓውን አላላለት። ይቺ ቃል ግን ልቡን አጠበቀችበት። የታዘዘለትን ሳይጨርስ ስንቁን አንጠልጥሎ ወደ ወረታ ገሠገሠ።

ሲደርስ ቀትር ነው።

የመቀጥቀጫ ቤቱ በር ግን ተዘግቷል። በጠራራ ፀሐይ!

ከውስጥ የአገኘሁሽ ሳቅ ተሰማ...

ደሳለው ደጅ ከተከመረው እንጨት አንድ ፍልጥ መዘዘ። በቀኝ እጁ። በታመመው እጁ። በሩን በእርግጫ በረገደው!

ወናፉ ሥር ተቀምጦ የጋለውን ብረት በጉጠት የያዘው ያየህ ነበር።

አገኘሁሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ ላቧ እየተንጠፈጠፈ... ትልቁን መዶሻ ወደ ላይ አንስታለች።

«ብያት ነበር!» አለ ያየህ ጥግ ሊገባ እየሸሸ። «ይመጣል፣ ይፈጀናል ብያት ነበር አያ ደሳለው!»

«ምንድን ነው... ይኼ?»

አገኘሁሽ መዶሻውን ቀስ ብላ አወረደች።

«ያየህ ክረምቱ ሳይገባ ለእርሻው ወደ አገሩ ይመለሳል። እሱ ሲሄድ አንተ እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥም፤ አውቅሃለሁ። መዶሻውን ታነሳና ለሦስተኛ ጊዜ...»

ላቧን በክንዷ ጠረገች።

«ስለዚህ እኔ ልማር አልኩ። አንተ በግራህ ጉጠቱን ይዘህ የት እንደምመታ ታሳየኛለህ፣ እኔ እመታለሁ። ብነግርህ ሴት ብረት አትመታም ብለህ ያንኑ ዕለት መዶሻውን ትነጥቀኝ ነበር።»

«እጅሽን አሳዪኝ።»

ዘረጋችለት። መዳፏ ውሃ ቋጥሯል፣ ቆዳው ተልጧል...

«በዚህ ባሽህ ትነቃብኝ አልነበር?»

«ሳቁስ?» አለ ደሳለው በቀጭን ድምፅ።

«ምቱን ስስት ነዋ የምስቀው! አሁን እንኳ ብረቱን ስቼ የዚህን ምስኪን እግር ልቀጠቅጠው ነበር!»

ወዲያው ዓይኗ ፍልጡ ላይ አረፈ።

«በቀኝህ ነው የያዝከው? አንተ እብድ! ጣለው!»

ጣለው።

ከዚያ ወደ ያየህ ዞሮ «ተነስ!» አለው።

ያየህ የሚመታው መስሎት ፊቱን ከለለ።

ደሳለው ግን በእሱ ቦታ ተቀመጠና በግራ እጁ ወናፉን ያዘ።

«አንተ ጉጠቱን ያዝላት። ከዛሬ ጀምሮ ለሚስቴ ወናፍ የምነፋላት እኔ ነኝ!»

ቅናቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም... 😄

የደሳለው እጅ ጊዜ ወሰደ እንጂ ዳነ፤ ትንሿን መዶሻ ያዘበት። ትልቁ ግን የአገኘሁሽ ሆኖ ቀረ። የወረታ ሰው መጀመሪያ ሳቀ... ማረሻው ሲሳልለት ዝም አለ።

ወዳጆች... ቅናት የሰማውን ሳቅ እንጂ የተላጠውን መዳፍ አያይም። የሚወደን ሰው አንዳንዴ ነገር የሚደብቀን ከራሳችን ችኮላ ሊያድነን ነው። በር ከመስበራችን በፊት እስቲ እናንኳኳ።

ግን እናንተ ፍረዱ... አገኘሁሽ መደበቋ ልክ ነበር? ወይስ ከመጀመሪያው ልትነግረው ይገባ ነበር? ሐሳባችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን 👇